ከተዝካሩ በኋላ ማን ይመጣል? ብቻቸውን ለሚውሉ አዛውንቶቻችን ምን እናድርግ

እኛ ጎንደሮች በለቅሶ አንታማም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ወንበሩንና ብረት ድስቱን ይዞ ከተፍ ይላል፣ ጎረቤት እንጀራውን ጋግሮ ወጡን ሠርቶ ያመጣል። ሣልስቱም፣ ሰባቱም፣ አርባውም ሰው አይጠፋበትም። ጭር የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ተዝካሩ ይወጣል፣ ልጆች ወደ አዲስ አበባም ወደ ውጭም ይመለሳሉ፣ ባለቤታቸውን የቀበሩ እናት ከዚያች ቀን ጀምሮ በራቸውን ማን እንደሚያንኳኳ አያውቁም።

አራዳም ሂዱ፣ አዘዞም ሂዱ፣ ማራኪም ሂዱ፣ እንዲህ ያለ ቤት አታጡም። የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው፣ በየዓመቱ ከ871 ሺህ በላይ ሞትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ልብን ይጎዳል፣ ለስትሮክ ያጋልጣል፣ አእምሮን ያደክማል። ስለዚህ "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

እኔ የማምነውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዛውንትን ከብቸኝነት የሚያወጣው በፋሲካና በመስቀል ኬክ ይዞ ብቅ ማለት አይደለም። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ የማይቀር ሰው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ እሳቸውም ለሰው የሚያስፈልጉበት ነገር መኖሩ ነው። ስልኩም፣ እድሩም፣ ባጃጁም ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሲያገለግሉ ነው ዋጋ የሚኖራቸው።

መጀመሪያ ቤቱን አስተውሉ

"ብቸኝነት ይሰማዎታል?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ "ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝ" ነው፣ ወሬውም በዚያው ይዘጋል። ይልቅ ትንንሽ ነገር ጠይቁ። ትናንት ማን መጣ? ምሳ ከማን ጋር በሉ? ቡና መቼ ተፈላ? ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ይህን ሁሉ በጨዋታ መሀል ነው፣ ምርመራ እንዳይመስል።

ዓይናችሁንም ሥራ ላይ አውሉት። የከሰል ማንደጃው አመድ እንኳ የለውም? ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች አቧራ ለብሰዋል? መሶቡ ውስጥ ያለው እንጀራ ደርቋል? ነጠላቸው ጉድፍ የማያውቅ የነበሩ ሰው አሁን ልብስ መቀየር ሰልችቷቸዋል? ልሂድ ብላችሁ ስትነሱ "ገና አሁን መጥተህ፣ ቁጭ በል እንጂ" እያሉ ደጋግመው ያስቀምጧችኋል? ከነዚህ ሁለት ሦስቱን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ።

ብቻ መኖርና ብቸኝነት አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ። ብቻቸውን እየኖሩ ከጠዋት እስከ ማታ በራቸው የማይዘጋ አሉ። ስምንት ሰው ባለበት ቤት፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ጥግ ላይ የሚያናግራቸው ያጡም አሉ። እነዚህኞቹን ቶሎ አናያቸውም። "ከልጆቻቸው ጋር አይደሉ እንዴ" ብለን እናልፋቸዋለን።

የማይነግሯችሁ ምክንያቶች

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ይሄንን ስለሆነ። አንድ ሽማግሌ ከማኅበር፣ ከቅዳሴ፣ ከጎረቤት ቡና ሲቀሩ "ሰው ሰልችቷቸው ነው" እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ይዟቸው ነው።

አንዱ ሽንት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመጣባቸው ሰው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የማያውቁበት ቦታ አይሄዱም። የዳገቱ መንገድ ላይ ቢይዛቸውስ? በቅዳሴ መሀል ቢይዛቸውስ? ይህን ለልጃቸው እንኳ አይናገሩም። እናንተ ቀድማችሁ አቅልሉት። በር አጠገብ አስቀምጧቸው፣ መንገድ ላይ የምታውቁት ቤት እንዳለ ንገሯቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊት "ውጭ ወጣ ብለው ይምጡ" በሏቸው። ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ወንዶች ላይ ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሕክምና አላቸው።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። የማይሰማ ሰው መጀመሪያ "እ?" ይላል፣ ቀጥሎ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ በመጨረሻ መምጣቱን ይተዋል። አንዳንዴ ነገሩ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ ጤና ጣቢያ ይታጠባል። በክብሪት እንጨት ግን አትነካኩት። ዓይንም እንዲሁ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። "በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል" ይሏችኋል፣ አትቀበሏቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ግን ልንከላከላቸው እንችላለን ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች ውስጥ የጆሮ መድከም፣ የዓይን መድከምና ከሰው መነጠል ሦስቱም አሉበት። ሦስቱ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፣ ይሄኛው ያንገበግበኛል። በጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርስ ጠላው፣ ዳቦው፣ ወጡ አለ። በዛሬ የጤፍና የዘይት ዋጋ በጡረታ ብር የሚኖሩ እናት ይህንን ከየት ያምጡት? አልቻልኩም ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ "እግሬን አሞኛል" ይሉና ይቀራሉ። 30 ዓመት አብረው ጽዋ ካነሱ እህቶቻቸው ጋር እንዲሁ ይለያያሉ። ማኅበርተኞች ከሆናችሁ ይህንን ሳትነገሩ እወቁት። ተራቸው ሲደርስ ለሁለት እንዲደግሱ አጣምሯቸው፣ ወይም "ዘንድሮ ዳቦና ቆሎ ብቻ ይሁን" ብላችሁ ለሁሉም እኩል ወስኑ። ለእሳቸው ብቻ ካቀለላችሁላቸው ያውቁታል፣ ያማቸዋልም።

ቀን ቁረጡ

አሁን ወደ ሥራው። ለአንድ አዛውንት ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ ዓርብ። ግማሽ ሰዓት ካላችሁ ግማሽ ሰዓት ይሁን፣ ግን ቀኑ አይለወጥ። ስትወጡ "እንግዲህ አንዳንዴ ብቅ እላለሁ" አትበሉ። "ረቡዕ 10 ሰዓት ላይ እመጣለሁ" በሉ። ካልቻላችሁ ከ10 ሰዓት በፊት ደውላችሁ ተናገሩ፣ በር በር እያዩ እንዳይቆዩ።

ረቡዕ የሚመጣ ሰው ያላቸው እናት ማክሰኞ ማታ ቆሎ ይቆላሉ፣ ረቡዕ ጠዋት ቤት ይጠርጋሉ፣ ጸጉራቸውን ያበጥራሉ። እናንተ ግማሽ ሰዓት ቆያችሁ እንጂ እሳቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘጋጁና ሲያስቡት ነው የሚከርሙት። ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ እንግዳ፣ ምንም ደግ ቢሆን፣ ይህንን አይሰጣቸውም።

ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ስልክ ተለዋወጡ። ዓርብ የሄደው "ዛሬ ምሳ አልበሉም ነበር" ብሎ ለሰኞው ይንገር። ሁሉም የየራሱን ቀን ብቻ ካወቀ ለውጡን ማንም አያይም።

ስትሄዱ ምን ይዘን እንሂድ ብላችሁ አትጨነቁ። ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። ምስር የሚለቀም ካላችሁ ምስራችሁን ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ ልቀሙ። ጥጥ ከሚፈትሉ እናት አጠገብ እየተቀመጡ ወሬ መስማትም ይቻላል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፣ ፊት ለፊት ተፋጦ "እሺ፣ ደህና ነዎት?" ከማለት ይገላግላል።

እድሩ ለሕያዋንም ይሥራ

እድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የማን ቤት የት እንደሆነ ያውቃል። አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይህንን ያለውን መጠቀም ይቀላል። በወርሃዊው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከእድርተኞቻችን መካከል 60 ዓመት ያለፋቸውና ብቻቸውን የሚኖሩት እነማን ናቸው? ስሙ ይጻፍ። ከዚያ በየመንደሩ ሦስት ሦስት ሰው ይመደብ። ገንዘብ አትጠይቁ። ገንዘብ የተጠየቀበት ሐሳብ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፣ በዚያው ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብላችሁ ብትናገሩ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይደግፏችኋል። አዲስ ዓለም ሰፈር ያላችሁ ደግሞ በመስጊዱ ጀመዓ በኩል ማድረግ ትችላላችሁ። ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሰው ወደ አንድ ቤት ጎራ ቢል ቀኑ ራሱ የተቆረጠ ነው።

ቡናም ላይ እንዲሁ። ቡና ተወዷል። ቡና የማይጋብዙ ሰው አይጋበዙም፣ ለመጋበዝ ደግሞ ቡናና ስኳር ያስፈልጋል፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ከቡና የወጡ ብዙ አሉ። እያንዳንዱ ጎረቤት አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ይዞ ይምጣና መፍላቱ እሳቸው ቤት ይሁን። ቤታቸው ይሞቃል፣ ባለቤቷም እሳቸው ናቸው። አቦሉን ጠጥታችሁ አትሩጡ፣ በረካው ድረስ ተቀመጡ።

ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለመሳለም ጉልበት ይጠይቃል። በሰፈራችሁ አንድ የታወቀ የባጃጅ ልጅ ያዙና በየእሑዱ ሁለት ሦስት አዛውንት አብረው እንዲሄዱ አድርጉ። ሂሳቡን ከልጆቻቸው አንዱ በወር ቢከፍል ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። ለከተራ ደግሞ ጥር 10 ቀን ግፊያው ሳይጀምር ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ወንበር ይዛችሁ አስቀምጧቸው። ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ ባይደርሱም ታቦቱ ሲያልፍ እልል ይላሉ። በቴሌቪዥን ማየት ይህንን አይተካም።

ወንዶቹ

ሴቶቹ ቡና አላቸው፣ ማኅበር አላቸው። ሚስቱን የቀበረ፣ ከሥራ በጡረታ የወጣ ወንድ ግን ባንድ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል፣ ሥራውም ቤቱም ጭር ይልበታል። ወጥ መሥራት አያውቅም። አልቅሶም አይነግራችሁም። "ና እንጫወት" ማለት ለወንድ ሽማግሌ አይመችም፣ "ምክር ፈልጌ ነው" ማለት ይመቻል። ከጃንተከል ዋርካ ጀምሮ በየሰፈሩ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ አለ። እዚያ ድረስ የሚሸኛቸው አንድ ልጅ፣ አንድ የዳማ ሰሌዳና ቆርኪ ብዙ ነገር ይለውጣል። ጡረታ የወጡ መምህር ካሉ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ እንዲያስጠኑ ጠይቋቸው። ማስጠናቱ ለልጆቹም ይጠቅማል፣ ግን በዋናነት ለእሳቸው ነው።

ስልኩን እንዴት እናስለምዳቸው

ብዙ ልጆች ከውጭ ሲመጡ ውድ ታች ስልክ ያመጡና፣ በአንድ ምሽት ሁሉንም አሳይተው ይሄዳሉ። ስልኩ ከአንድ ሳምንት በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው። ስልኩ አይደለም ጥፋቱ፣ አሰጣጡ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚበጅ ወስኑ። ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቁልፍ ያለው ስልክ ይሻላል። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም አያስጨንቅም። አረንጓዴዋ ቁልፍ ላይ ነጠብጣብ የጥፍር ቀለም አድርጉባት። 2 ቁጥርን ተጭነው ሲያቆዩ ለልጃቸው፣ 3 ቁጥርን ተጭነው ሲያቆዩ ለጎረቤት እንዲደውል አድርጋችሁ አስተካክሉ።

ታች ስልክ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ሥሩበት። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀይሩ። ፊደሉን አተልቁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ስክሪኑ ቶሎ እንዳይጠፋ ጊዜውን አርዝሙ። ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ አጥፉና የአራት ሰው ፎቶ ብቻ አስቀምጡ፣ ፎቶውን ሲነኩት የሚደውል። ማንበብ የማይችሉ ሰው ፊት ያነባሉ።

አሁን ማስተማሩ። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ማንሳት ነው፣ ሌላ ምንም። ከሌላው ክፍል ደውሉላቸው፣ ያንሱ፣ ይዝጉ፣ እንደገና ደውሉ። ስልኩን ከእጃቸው አትንጠቁ። "ቆይ ላሳይዎት" ብሎ መንጠቅ የልጆች ሁሉ አመል ነው፣ ሰው ግን የሚማረው በገዛ ጣቱ ነው። ጣታቸው ደረቅ ስለሚሆን ታቹ አንዳንዴ አይሰማቸውም። "እኔን እንቢ አለኝ" የሚሉት ይህን ነው። እጃቸውን ቅባት ነካ ያድርጉና ጠራርገው ይሞክሩ። ደግሞ ጠንከር አድርገው ይጫናሉ፣ ሲጫኑ ሌላ ነገር ይመጣና ይደነግጣሉ። ነካ አድርጎ መልቀቅን ብቻ ደጋግማችሁ አለማምዱ። "ቢበላሽስ?" ለሚለው ፍርሃት "በመንካት አይበላሽም" በሏቸው፣ አሥር ጊዜም ቢሆን።

በቪዲዮ ሲደወል ብዙዎቹ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል፣ አሜሪካ ያለችው ልጅ ጆሮ ብቻ ታያለች። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፉት፣ ፊታቸው ወደ መስኮት ይሁን፣ ብርሃኑ ከኋላ ከመጣ ጥቁር ጥላ ነው የሚታየው። ድምፁ ከስፒከር ይውጣ። ለቪዲዮ ኢሞ ብዙ ቤት የለመደ ስለሆነ በዚያው ቀጥሉ፣ አዲስ ነገር ልጫንላችሁ ብላችሁ አታምሷቸው።

ሁለተኛው ትምህርት የድምፅ መልእክት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ግሩፕ ክፈቱ፣ ማይኩን ተጭነው ይናገራሉ፣ ሲለቁት ይሄዳል። ፊደል አያስፈልግም፣ ሰዓት መገጣጠም አያስፈልግም። በሰፈራችን አንዲት እናት ይህን ከለመዱ በኋላ በየጠዋቱ ለልጆቻቸው ሁሉ ምርቃት ይልካሉ። "ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ፣ ወጥታችሁ እስክትገቡ መልአኩ አይለያችሁ" ብለው፣ ከኋላ ዶሮው ሲጮህ ይሰማል። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ያዳምጡታል። አንድ ቀን ምርቃቱ ሲዘገይ ሦስት ልጅ ከሦስት አገር ደወለ። ስልክ ሲሠራ እንዲህ ነው።

የጥቅሉን ነገር ለእሳቸው አትተዉት። በ*999# ወይም በቴሌብር ልጃቸው ወይም ጎረቤት በየወሩ ይግዛላቸው። ካርድ አለቀ ብለው ዝም የሚሉ አዛውንት ስንት አሉ።

ስለ አጭበርባሪ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። "ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" የሚል ይደውላል። አንድ ሕግ ብቻ ስጧቸው፦ ስልኬ ላይ የመጣ ቁጥር ለማንም፣ ልጄ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይነገርም። ዘግተው ለእናንተ ይደውሉ። አጠራጣሪ ነገር ካለ እናንተ በ994 ጠይቁላቸው። ከተታለሉ ደግሞ አትቆጡ። የተቆጣችሁባቸው ሰው ሁለተኛ አይነግሯችሁም።

ኢንተርኔቱ ላይ ብቻ ግን አትመኩ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። በቪዲዮ ብቻ ሲገናኝ የነበረ ቤተሰብ ያን ጊዜ ጨለመበት። ስለዚህ ተራ የስልክ ጥሪውም አይቅር። አምስት ቁጥር በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፦ የልጃቸው፣ የሁለት ጎረቤት፣ የባጃጁ ልጅ፣ የእድሩ ዳኛ።

ሚሞሪ ካርድ የሚወስዱት ትንንሽ ስፒከሮችም ጥሩ ናቸው። መዝሙርም፣ ስብከትም፣ መንዙማም ጭናችሁ ስጧቸው። ግን ድምፅ ሰው አይሆንም። ስፒከሩን ሰጥታችሁ ረቡዕን እንዳታስቀሩ።

ውጭ ያላችሁ ልጆች

ስትመቻችሁ ሳይሆን በቀጠሮ ደውሉ። ጎንደር ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 6 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ ግድም ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እናታችሁ አይቀይሩም፣ ስለዚህ ሒሳቡን እናንተ ሥሩ። እስራኤል ያላችሁ በበጋችሁ ከኛ ጋር እኩል ናችሁ፣ በክረምታችሁ አንድ ሰዓት ወደኋላ። ሳዑዲ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው።

እሑድ ማታ 2 ሰዓት ካላችሁ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ይሁን። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እና እባካችሁ ስለ ብር ብቻ አታውሩ። "ብሩ ደረሰ? እሺ ቻው" የሚል ጥሪ ልብ ይሰብራል። የምትሠሩትን ወጥ አሳዩዋቸው፣ ቅመሙ ስንት እንደሚገባ ጠይቋቸው። የልጅ ልጆቹ አማርኛ ባይችሉ እንኳ አንድ ቃል በሳምንት ከአያታቸው ይማሩ፣ አያትየው አስተማሪ ይሁኑ።

ለጎረቤቷም ደውሉላት። እናታችሁን በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ቅርብ ያለ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው፣ ምስጋናዋንም አትንፈጓት።

እሳቸውስ ምን ይስጡ?

ሁሌ የሚጠየቅ፣ ሁሌ የሚቀበል ሰው ውሎ አድሮ ሸክም እንደሆነ ይሰማዋል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ነገር ጀመሩ። የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ስለነበር የሰፈር አያቶችን አሠለጠኑና በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ አያቶቹ ያዳምጣሉ፣ አብረው መላ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የብዙ ሰው ጭንቀት እንደቀነሰ አሳይቷል። አያቶቹ እዚያ ተረጂ አይደሉም፣ ረጂ ናቸው። እኛም ሽማግሌ አስታራቂ የነበረበት አገር ነን፣ ለምን ይቸግረናል?

ትልቅ ነገር አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይ ካለ ስልኩን እሱ ያስለምዳቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከቤቱ የራቀውን ልጅ እሑድ ቡና ይጥሩት። ጠላ አጠማመቁን፣ ጌሾና ብቅሉን በስንት ቀን እንደሚጥሉ እየተናገሩ በስልክ ቅረጿቸው። ስለ ድሮው ቅዳሜ ገበያ፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ አስተማሪያቸው ጠይቁና ቅረጹ፣ ግን መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ቲክቶክ ላይም አትልቀቁት። ቀረጻው የቤተሰቡ ነው።

ከጠያቂ አቅም በላይ ሲሆን

"ሞት ረሳኝ" የሚለውን ብዙ አዛውንት ይሉታል፣ ሁሌ አደጋ አይደለም። ነገር ግን ምግብ ከቀነሱ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ የሚወዱትን ነገር ከተዉ፣ ዕቃቸውን ማደል ከጀመሩ፣ ወይም መንገድና ስም መርሳት ካበዙ ይሄ በቡና የሚመለስ አይደለም። ድባቴ በሽታ ነው፣ ሕክምና አለው። ጠበሉንም አትከልክሏቸው፣ ሐኪሙንም አታስቀሩ። አብራችሁ ሂዱ፣ ወረፋውን አብራችሁ ጠብቁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። የጤና መድን ካርዳቸው መታደሱንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እናንተም ትደክማላችሁ፣ ሥራ ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ከተማ ትለቃላችሁ። ያኔ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ንገሯቸው። የሚተካችሁን ሰው ረቡዕ ይዛችሁት ሂዱ፣ አስተዋውቁት፣ ቡናውን ሦስታችሁ ጠጡ። በሚቀጥለው ረቡዕም በ10 ሰዓት እሱ ብቻውን ይሂድ፣ እናንተ ደግሞ ካላችሁበት ደውላችሁ መድረሱን ጠይቁ።